አባቴን ኮሶ ያስጣልሁበት ዓመት

አባቴ በእስቴ አገር፣ ከመካነ ኢየሱስ ራቅ ባለች አንዲት የገብርኤል ደብር የአቋቋም መምህር ነበሩ። ማኅሌት ሲቆም የቀኙን ረድፍ መዘምራን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። እኔ ባሌን ፈትቼ ከስማዳ ስመለስ እናቴ ካረፈች ቆይታለች፤ የአባቴም እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ጎረቤት «ምላሷ ነው ያስፈታት» ይለኝ ነበር። አልዋሽም፣ ምላሴ አጭር አይደለም።

መንቀጥቀጡስ ይሁን። እግራቸው እየከበደ፣ ፊታቸው ፈገግታ እየረሳ ሄደ፤ ይህንንም ለመድነው። ያልለመድነው ሌላ ነበር። ከተቀመጡበት ብድግ ሲሉ ዓይናቸው ይጨልማል፣ ግድግዳ ይዘው ይቆያሉ፣ አንዳንዴም እዚያው ዝርር ይላሉ። ሥጋቸውም አለቀ። እንጀራው ጉሮሯቸው ላይ እየቆመ መብላት ሥራ ሆነባቸው፤ ጥቂት ቀምሰው እጃቸውን ይታጠባሉ። ቀሚሳቸው ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም ነበር።

የመስቀል ሰሞን ማኅሌት ላይ ወድቀው በሰው ትከሻ ወደ ቤት መጡ። በማግስቱ የደብሩ አለቃ ከሽማግሎች ጋር መጥተው፣ በብዙ አክብሮት፣ ከእንግዲህ ይረፉ አሏቸው፤ ቦታውንም ተማሪያቸው ይያዘው። ተማሪያቸው ጎልማሳ ነው፣ ድምፁ መልካም ነው፣ አባቴም ይወዱታል። አባቴ ግን ቀና ብለው፣

«ቦታዬን ከወደቅሁበት ላይ አትውሰዱብኝ። ለታኅሣሥ ገብርኤል ቆሜ ካልመራሁ ያን ጊዜ የፈለጋችሁትን አድርጉ» አሉ።

አለቃው እሺ ብለው ተሰናበቱ። ከበር ሲወጡ ራሳቸውን በሐዘን ሲነቀንቁ አየሁና ደሜ ፈላ።

ክረምቱ ሲወጣና መንገዱ ሲደርቅ በበቅሎ አስቀምጠን፣ አጎቴና እኔ ግራና ቀኝ ደግፈን፣ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ፈረንጁ ሐኪም አስተኝቶ የደም ግፊታቸውን ለካ፣ አስነሥቶ ደግሞ ለካ። በአስተርጓሚ የነገረን ይህ ነው፦ ሕመሙ የነርቭ ነው፣ አይድንም፣ እያደርም ይብሳል። ሲነሡ ደማቸው ወደ እግር ወርዶ ግፊቱ ያንሳል፤ የሚጥላቸው ይኸው ነው። ጨው ይጨምሩ፣ ውኃ ያብዙ፣ ጥቂት ጥቂት ቶሎ ቶሎ ይብሉ፣ ከመቆማቸው በፊት እግራቸውን አንጠልጥለው ይቀመጡ፣ ጭንና ሆዳቸውም በጨርቅ ይታሰር። ክሳታቸው ግን ከሕመሙም በላይ ስለ ሆነበት የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ ብሎ ደጋግሞ ጠየቀን። ምንም የለም አልነው። እውነት የተናገርን መስሎን ነበር።

እቤት በገባን በሳምንቱ አባቴ ኮሶ ጠጡ።

በዚያ ዘመን ኮሶን መድኃኒት ብሎ ለሐኪም የሚናገር አልነበረም። ጠጉር እንደ መላጨት ነው፤ ጨዋ ሰው ሁሉ ወሩን ጠብቆ ይጠጣል። ተፈጭቶ፣ ተበጥብጦ፣ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጨለጣል፤ ከዚያ በኋላ ሆድ የያዘውን ሁሉ ጠርጎ ያወጣል። ያን ቀን ሰውየውን የሚፈልግ ቢመጣ «ኮሶ ጠጥቷል» ይባላል፣ እንግዳውም ይመለሳል። አባቴ ሲከሱ ጊዜ ደግሞ አገሩ ሁሉ የሚበላቸው የኮሶ ትል ነው ብሎ ደመደመ። በከሱ ቁጥር ኮሶው ተደጋገመ፤ ኮሶው በተደጋገመ ቁጥር ከሱ።

ያን ዕለት ከጓሮ ሲመለሱ ደጃፉ ላይ ወደቁ። ከንፈራቸው ነጥቷል። ውኃ በጨው በጥብጬ ሳጠጣቸው የሐኪሙ ቃል ትዝ አለኝ። ይግባ ያለውን ጨውና ውኃ እኛ በላይ እያስገባን በታች በኮሶ ስናስወጣው ኖረናል። እንዴት እንደ ተናደድሁ! በማን እንደ ተናደድሁ እንኳ አላውቅም። የቀረውን ኮሶ ከነጨርቁ ወስጄ እሳት ውስጥ ጨመርሁት።

አባቴ ሲሰሙ ተቆጡ፤ ኮሶ የማይጠጣ ሰው ምን ሰው ነው አሉኝ። እሳቸው በምክንያት እንጂ በልቅሶ አይሸነፉምና አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«አባባ፣ የኮሶ ትል ከምን ይመጣል?»

«ከጥሬ ሥጋ ነዋ።»

«ጥሬ ሥጋ መቼ ነው የበሉት?»

ማኘክ ካቃታቸው ወዲህ ጥሬ ሥጋ በአፋቸው አልዞረም።

«አንች ልጅ፣ ቅኔ ቤት ብትገቢ ኖሮ መምህሩን ታስለቅሽው ነበር» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መለሱ። መሸነፋቸው ነው።

ኅዳር ላይ የነቢያት ጾም ሲገባ ሌላ ክርክር ተነሣ። እንደ ልማዳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም አሉ። የነፍስ አባታቸውን አስጠራሁ፤ እሳቸውም በሽተኛ ነዎትና ከማለዳ ይብሉ ብለው አዘዙ። አባቴ ሰዓቱን ለቀቁ፤ ወተትና ቅቤን ግን ሞቼ እገኛለሁ አሉ። ይሁን፣ ሱፍ አለ፣ ኑግ አለ፣ ተልባ አለ። ማለዳ ላላ ያለ የሱፍ ፍትፍት፣ ረፈድ ሲል በሶ በማርና በጨው፣ ሲመሽ አብሽ በማር። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ነው፤ እጄ ግን ከሰሐኑ አልተለየም። ጎረቤት «አባቷን እንደ ሰንጋ ትቀልባለች» ሲል ሰማሁ። አዎ፣ እቀልባለሁ አልሁ።

መነሣቱም ትምህርት ነበር። መደቡ ጠርዝ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው እንዲቆዩ ስይዛቸው «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እላቸዋለሁ። «ዕንቁላሉ እኔ መሆኔ ነው?» ይሉኛል። ከጭናቸው እስከ እምብርታቸው መቀነቴን ልጠመጥምላቸው ብል፣ የሴት መቀነት ታጥቄ ቤተ ክርስቲያን አልገባም አሉ። ከገበያ አዲስ ገዛሁላቸውና ታጠቁ። ታኅሣሥ ሲገባ እጃቸው ያው ይንቀጠቀጣል፣ እርምጃቸውም ያው አጭር ነው፤ ሕመሙ የትም አልሄደም። ጉንጫቸው ግን ሞላ፣ መውደቃቸውም ቀረ።

በበዓሉ ዕለት ታቦቱ ወጥቶ መዘምራኑ ለወረብ ሲሰለፉ አባቴ በቀኝ በኩል በቦታቸው ቆሙ። ክፉኛ የሚንቀጠቀጠው ቀኝ እጃቸው ጸናጽሉን ያለ ጊዜው እንዳያስጮኸው በግራቸው ያዙት፤ በቀኛቸው መቋሚያውን መሬት ላይ ተከሉ። ተማሪያቸው እጁን ለድጋፍ አዘጋጅቶ ከኋላቸው ቆሟል። ወረቡ በዝግታ ጀመረ። ከበሮው ሲፋጠን የሰው ዓይን ሁሉ ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ እኔማ ከሴቶቹ መካከል ትንፋሼን ይዤ ነው። ዝቅ አሉ። ተነሡ። ደግሞ ዝቅ አሉ፣ ደግሞ ተነሡ። የግራው ረድፍ መለሰላቸው። የተማሪው እጅ አንድም ጊዜ አልነካቸውም።

ከበሮው ሲቆም ዘወር ብለው ጸናጽሉን ለተማሪያቸው ሰጡት። ከዛሬ ጀምሮ ቀኙን አንተ ምራ አሉት። አለቃው ደንግጠው መጡ፤ አሁን ከቻሉማ ምን አስቸኮለዎት ብለው ለመኗቸው።

«ወድቄ ሲወስዱብኝ ነው የጠላሁት» አሉ አባቴ። «ቆሜ ስሰጥማ ደስ እያለኝ ነው።»

አለቃው ዝቅ ብለው ጉልበታቸውን ሳሙ። እኔ እልልታዬን ለቀቅሁት፤ ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሉኝ።