አያቴ በወንበር፣ እኔ በእግሬ

ህንዶች እንደ ዕጣን የሚለኩሱት ካምፎር ሲሸተኝ ደሜ ይፈላል። ባለፈው ሳምንት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ካለ የህንድ ሱቅ ምስር ልገዛ ገባሁ። ባለሱቁ ግድግዳው ላይ ባሉት የአማልክት ሥዕሎች ፊት ካምፎር ለኩሶ ኖሯል፤ ምስሩንም ቅመሙንም ጥዬ ወጣሁ። ሰውየው ምን አጠፋሁ እንደሚል ሁሉ እስከ በሩ ተከተለኝ። ምን ብዬ ላስረዳው! ለእሱ የጸሎት ሽታ ነው። ለእኔ ግን የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ሰማይ ጥግ በሆነ ተራራ ላይ፣ ባባቴ እናት የተካድኩበት ሽታ ነው።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ፌኸንሃይም፣ ማይን ወንዝ ዳር ካሉት ፋብሪካዎች አጠገብ ነበር። በዚያን ጊዜ ፍራንክፈርት ያደጋችሁ የሐበሻ ልጆች ታስታውሱታላችሁ። ከሹለ፣ ከትምህርት ቤት፣ ስንመለስ ቦርሳችንን ደረጃው ላይ ወርውረን ላስቲክ እንዘላለን፣ በጋ ሲሆን ምላሳችንን ሰማያዊ የሚያደርገውን በረዶ እንመጥጣለን፣ ቅዳሜ ደግሞ እያለቀስን ፊደል ልንማር እንወሰዳለን። እናቶቻችን በአማርኛ ይጠሩናል፣ እኛ በጀርመንኛ እንመልሳለን። "በአማርኛ መልሺ! አፍሽን ማን ዘጋው?" የእናቴ የዘወትር ጩኸት ነበር።

እኔ ግን ከሌሎቹ ልጆች አንድ ነገር ይለየኝ ነበር፤ አባቴ ህንዳዊ ነው፣ ሂንዱ። ከእናቴ ጋር የተዋወቁት ኢነንሽታት፣ መሐል ከተማው ውስጥ፣ አንድ ሆቴል ሲሠሩ ነው። እሷ አልጋ ታነጥፋለች፣ እሱ ወጥ ቤት ሽንኩርት ይከትፋል። ሲጋቡ የእኛዎቹ "ጣዖት አምላኪ አገባች" ብለው በሹክሹክታ አሟት። የአባቴ እናት ግን ሹክሹክታ የሚባል ነገር አያውቁም። እናቴን ፊት ለፊት "ልጄን በመተት ነጠቅሽኝ" አሏት፤ ከዚያ ወዲያ ቤታችንን አልረገጡም።

እኚህ አያቴ ከአጎቴ ጋር ሽቫንሃይም፣ ጫካው ዳር ይኖሩ ነበር። ዳዲ ነው የምላቸው፤ በእነሱ ቋንቋ የአባት እናት ማለት ነው። አባቴ እሁድ እሁድ ይወስደኛል። የአጎቴ ልጅ አንጃሊ እኩያዬ ነበረች። ለእሷ ወተት ውስጥ የተነከረውን ጣፋጭ በእጃቸው ያጎርሷታል። የእኔን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ያስቀምጡና ጣቶቻቸውን በሻሻቸው ይጠርጋሉ። ጉርሻ እየጎረስኩ ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ ምን ማለት እንደሆነ ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገም። ግን ልጅ ሞኝ ነው። አንድ ቀን እኔንም ያጎርሱኛል እያልኩ አፌን ከፍቼ አጠገባቸው እቀመጥ ነበር።

አባቴ የሞተው ሳንባው ታሞ፣ በክረምት ነው። ሆስፒታል ሳለ ወንድሙንና እናቱን አልጋው አጠገብ አቁሞ አንድ ነገር ለመናቸው። እሱ ልጅ ሆኖ አያቱ ሂማላያ ተራሮች ላይ ወዳለው የአምላካቸው የሺቫ ቤተ መቅደስ ወስደውት ነበር። "ሚራንም ውሰዱልኝ። እዚያ አቁማችሁ የማን ልጅ እንደሆነች ንገሩልኝ" አለ። አጎቴ እያለቀሰ ማለ። አያቴም እሺ አሉ። እኔ እግሩ ሥር ቆሜ ስሰማ፣ ከሐዘኑ መሐል አንድ ደስታ ልቤን ነካው። አባቴ ቢሄድም አያቴ ሊቀበሉኝ ነው ብዬ ነበር። ካባቴ የሚቀረኝ ሌላ ምን ነበር?

እናቴ ሳምንት ሙሉ ተብሰለሰለች። ጓደኞቿ "ልጅሽን ለጣዖት ልትሰጪ?" ብለው ጨቀጨቋት። በመጨረሻ "የሙት ቃል ነው፤ አይሰበርም" ብላ ለዞመርፈርየን፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ሻንጣዬን አሰረች። ከመሄዴ በፊት ፀጉሬን እየሠራች አስጠነቀቀችኝ።

"ስሚ፣ ሚራ የሰው ስምሽ ነው። አምላክ ፊት ቆመሽ ስም ከተጠየቅሽ የክርስትና ስምሽን ነው የምትናገሪው። እግዚአብሔር የሚያውቅሽ በወለተ ማርያም ነው። እንዳትረሺ!"

"እሺ" አልኩ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ቄሱ ሲጸልዩልን የክርስትና ስማችንን እንደሚጠይቁ አውቅ ነበርና አልከበደኝም።

ከዴልሂ ተነስተን በመኪና ስንት ጠመዝማዛ እንዳለፍን እንጃ፤ እኔ በየመታጠፊያው ሳስመልስ ነበር። መኪናው የማይወጣበት ደረስን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ የእግርና የበቅሎ ነው። እንዲህ ያለ ሕዝብ አይቼ አላውቅም። በባዶ እግራቸው የሚወጡ አሮጊቶች፣ የአምላካቸውን ስም እየጮኹ የሚያልፉ ጎረምሶች፣ የበቅሎ ቃጭል፣ የረጠበ ሱፍ ሽታ፣ ፋንድያ፣ ዝንጅብል የበዛበት ሻይ። ለአያቴ አራት ሰዎች የሚሸከሙት ወንበር መጣ። አጎቴ ለራሱና ለአንጃሊ በቅሎ ያዘ። ሦስተኛ በቅሎ ሊጠራ እጁን ሲያነሳ አያቴ ከወንበሩ ላይ ሆነው አስቆሙት።

"እሷ በእግሯ ትውጣ። የእናቷ አገር ተራራ ነው፤ ለምደውታል።"

እኔን ነው እንግዲህ! ፌኸንሃይም ሜዳ ላይ ያደግኩትን! በዕድሜዬ የወጣሁት ትልቁ ተራራ ሎርበርግ ነበር፤ እሱም ፍራንክፈርት ውስጥ ወይን የሚተከልበት ጉብታ ነው። አጎቴ ጫማውን አየ፣ እኔን አየ፣ በቅሎው ላይ ወጣ። ዕቃችንን ከሚሸከመው ሽማግሌ ጋር ወደ ኋላ ቀረሁ።

ቀኑን ሙሉ ሄድኩ። አየሩ እየሳሳ ሄዶ ትንፋሼ አልበቃ አለኝ፣ ጎኔን ወጋኝ፣ ካልሲዬ በደም ተጣብቆ ነበር። ሽማግሌው በየሻይ ቤቱ እየቆመ ይጠብቀኛል። ቀና ስል፣ ከላይ በመታጠፊያው የአያቴ ቀይ ሻሽ ብቅ ይልና ይጠፋል። ያን ሻሽ እያየሁ ነው የወጣሁት። ሳልቆም ከደረስኩ "ጎበዝ፣ የልጄ ልጅ" ይሉኛል ብዬ ነበር። ይህን ሳስታውስ ዛሬም እተክናለሁ፤ በእሳቸው ሳይሆን በዚያች ተስፈኛ ልጅ።

ስደርስ አያቴ እንግዳ ማረፊያው ውስጥ እሳት ዳር ተቀምጠዋል። የአንጃሊን እግር ጭናቸው ላይ አድርገው ቅባት እያሹላት ነበር። እኔ በር ላይ ቆምኩ። ሳያዩኝ ለአጎቴ "መጣች?" አሉት። በቃ፣ ይኸው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ቤተ መቅደሱ ገባን። ከኋላው በረዶ የለበሰ ተራራ ቆሟል፤ ሕንጻው ጥቁር ድንጋይ፣ ውስጡ ጨለማ፣ ካምፎሩ ዓይን ያስለቅሳል። ተራችን ደርሶ ካህኑ ፊት ተቀመጥን። ካህኑ የቤተሰቡን ስም አንድ በአንድ እየጠየቁ በጸሎት ያነሱ ነበር። አባቴ ያለው ሰዓት ይህ ነው። አያቴ የአጎቴን ስም ጠሩ፣ የሚስቱን፣ የአንጃሊን። ከዚያ የአባቴን ስም ጠርተው መሞቱን ተናገሩ።

"ልጅ ትቷል?" አሉ ካህኑ። ከአባቴ የተማርኳት ህንድኛ ይህችን ለመስማት ትበቃለች።

"የለውም" አሉ አያቴ።

ተሳስተው መስሎኝ የአጎቴን ኮት ጎተትኩ። ካህኑ ስጎትት አይተው "ይህችስ?" ብለው ጠየቁ።

"የሠራተኛችን ልጅ ናት። አገር ትይ ብዬ ነው ያመጣኋት።"

አጎቴን አየሁት። በአባቴ አልጋ አጠገብ የማለው አጎቴ ዓይኑን ጨፍኖ የሚጸልይ መሰለ። ካህኑ ደግ ሰው ነበሩ፤ ነገሩ ያልጣማቸው ይመስለኛል፣ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። "ስምሽ ማነው፣ ልጄ?"

ሚራ ማለት ነበረብኝ። አባቴ ከገዛ ሃይማኖቱ መርጦ ያወጣልኝ ስም ነው፤ ካህኑ ቢሰሙት የሐበሻ ሠራተኛ ልጅ ይህን ስም ከየት አመጣችው ብለው ይጠይቁ ነበር። እኔ ግን አምላክ ፊት ነኝ። እናቴ ነግራኛለች። ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ፣ የቻልኩትን ያህል ጮክ ብዬ "ወለተ ማርያም!" አልኩ።

ካህኑ ፈገግ አሉ። ስሙን አንዴ ሊጠሩት ሞክረው አልሆነላቸውም። የአያቴ ውሸት እውነት ሆነ፤ ምስክሩ እኔው ራሴ! ካህኑ እጃቸውን አናቴ ላይ አድርገው ባረኩኝ፣ አንድ አበባ ሰጡኝ፣ ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ። አባቴ ልጅ እንዳልወለደ ሰው ተጸለየለት። ዘወር ስል አያቴ ያዩኛል፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ያሉልኝ ያን ጊዜ ነው።

እናቴ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀበለችኝ። በሽትራሰንባን፣ በከተማው ባቡር፣ ወደ ቤት ስንሄድ "እንዴት ነበር? ምን አሉልሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። ልዋሻት ብፈልግም አንደበቴ አልታዘዘኝም፤ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ከዚያ ሳቀች፣ ሰው እስኪዞር ድረስ።

"የሠራተኛ ልጅ አሉሽ? እውነታቸውን ነው። ሠራተኛ አይደለሁ እንዴ! ሳልሠራ የዋልኩበት ቀን አለ?"

ቤት ስንደርስ ግን ሻንጣዬን ከፍታ ልብሶቼን አወጣችና ሁለቴ አጠበቻቸው። ለሦስተኛ ጊዜም ማሽኑ ውስጥ ከተተቻቸው። "ስምሽን የነገርኩሽ እኔ ነኝ" አለች፣ ለማሽኑ ይሁን ለእኔ አላወቅሁም። በዚያ ነገር እስክትሞት ድረስ ራሷን ይቅር አላለችም። አያቴን የምጠላቸው በእኔ ላይ ካደረጉት ይልቅ በዚህ ነው።

ዘመን አለፈ። አንጃሊ አውስትራሊያ አግብታ ሄደች፤ በዓል ሲሆን ትደውላለች። አጎቴ ልቡ ታሞ ከወንበር አይነሳም። አያቴ እዚያው ሽቫንሃይም አሉ፤ እግራቸው ከድቷቸው ጠዋትና ማታ አስታማሚ እየመጣች ታጥባቸዋለች። ሲያልቅ አያምር ይባል የለ! አጎቴ ደውሎ "እናቴ አንቺን ትጠራለች፣ እባክሽ" አለኝና መሄድ ጀመርኩ። ለምን እንደምሄድ አትጠይቁኝ። የአባቴ አፍንጫ ፊታቸው ላይ ስላለ ይሆናል።

አሁን ስገባ እጄን ይዘው አይለቁም። "ቤታ" ይሉኛል፤ ልጄ ማለት ነው። ለአስታማሚዋ "የልጄ ልጅ ናት፣ ከሁሉም እሷ ናት ያልረሳችኝ" ይሏታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ። ባለፈው እሁድ ደግሞ አዲስ ነገር አመጡ። ሳይሞቱ ያንን ቤተ መቅደስ አንዴ ማየት ይፈልጋሉ። አሁን ሄሊኮፕተር አለ አሉ፣ ተሸካሚም አያስፈልግም።

"አንቺ ውሰጂኝ። መንገዱን ታውቂዋለሽ። ያን ጊዜ በቅሎው ላይ ሆነሽ ስትስቂ፣ እኔ በየመንገዱ ሳጎርስሽ፣ ትዝ ይልሻል?"

ዓይናቸውን አየሁ። ይቀልዱ እንደሆነ፣ ይፈሩ እንደሆነ ፈለግኩ። ምንም የለም። ንጹሕ ደስታ ብቻ ነው።

"ዳዲ፣ እኔ የወጣሁት በእግሬ ነው" አልኳቸው።

"ኧረ በበቅሎ ነው! አንቺ ልጅ ነበርሽ፣ አታስታውሺም" ብለው ሳቁና እጄን ሳሙት።

ኡርላውብ፣ የዓመት ፈቃድ፣ አለኝ። ልውሰዳቸው ብል የሚከለክለኝ ነገር የለም። "ቴርሚን አለብኝ ዳዲ፣ በዚህ ዓመት አይመቸኝም" አልኳቸው። ምንም ቴርሚን፣ ምንም ቀጠሮ የለብኝም። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ "ይሁን፣ በሚመጣው ዓመት" አሉ። የሚመጣው ዓመት እንደማይደርስላቸው እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

ያን ጊዜ አንድ ቃል ከአፋቸው ለመስማት እግሬ እስኪደማ ተራራ የወጣሁ ልጅ ነበርኩ። ዛሬ ያንን ቃል ሳልለምናቸው በየሳምንቱ ይሰጡኛል፤ እኔ ደግሞ ጣቶቻቸውን ቀስ ብዬ ከእጄ ላይ አላቅቄ ኮቴን እለብሳለሁ። ያሳዝኑኛል። አልወስዳቸውም።