ጠያቂ ሲያስተኛኝ ጌታ አስነሣኝ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ወገቤን እንዴት እንዳቀናልኝ ልነግራችሁ ወጥቻለሁ። ልብ በሉልኝ፤ ቆሜ ነው የምናገረው! ስሙ ይባረክ!

የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት የክፍሌን ዴስክ ብቻዬን ስገፋ ወገቤ ቋ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫማዬን የምታስርልኝ እናቴ ሆነች። ሐኪሙ መረመረኝና፣ “አጥንትሽ ደህና ነው፤ የተጎዳው ጡንቻሽ ነው” ብሎ ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከኝ። ባለሙያዋ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ አሳየችኝ። አስተማሪ ነኝና እኔም ላስረዳችሁ። ምንጣፍ ላይ በጀርባ ተኝቶ አንዱን ጉልበት ወደ ደረት ቀስ አድርጎ መሳብ፣ ትንሽ መቆየት፣ መመለስ፤ ከዚያ ሌላውን። ቀጥሎ ሁለቱን ጉልበት አጥፎ ዳሌን ከምንጣፉ ከፍ ማድረግ። ትንፋሽ አይታፈንም። ሕመሙ ከባሰ ወይም ወደ እግር ከወረደ አቁሞ ሐኪም መጠየቅ ነው። “ብዙ መተኛት ያደርቅሻል” አለችኝ።

ቀላል ነው አይደል? ግን ወገኖቼ፣ የሰፈራችንን የአዲስ ከተማን ጠያቂ ታውቁታላችሁ! ምንጣፌን ስዘረጋ በሩ ይንኳኳል።

“ቶሎ አልጋሽ ላይ ውጪ፣ ሰው መጣ!” ትላለች እናቴ።

“እማዬ፣ ይህቺን ልጨርስ።”

“ታማም ታሠራታለች ልታስብይኝ ነው?”

ጋቢውን እስከ አገጬ ትስብብኛለች። ጠያቂው ሙዙን አስቀምጦ፣ “እግዚአብሔር ይማርሽ፤ እንዳትነሺ!” ይላል። እሱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። በፍቅር ተከብቤ ወገቤ እንደ ጣውላ ደረቀ።

አንድ ቀን ርእሰ መምህሩ ደወሉ። “መምህርት፣ ለሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ካልደረስሽ ክፍሉን ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው።” ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። “ጌታ ሆይ፣ ክፍሌን አትውሰድብኝ” አልኩ።

በማግስቱ የቤት ኅብረታችን መሪ እትዬ ወርቄ እህቶችን ይዘው ሊጸልዩልኝ መጡ። ከመጸለያቸው በፊት፣ “ሐኪም ምን አለሽ?” ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

“ታዲያ ምንጣፉ የታለ?”

“እናንተ ስትመጡ ተጠቀለለ።”

“በሽታው እኛ ነና!” አሉ እትዬ ወርቄ። ወደ እናቴም ዞረው፣ “እህቴ፣ ጌታ ሽባውን አስነሥቶ አልጋውን አሸከመው። እኛ መልሰን እናንጥፍለት እንዴ?” አሉ።

ሃሌ ሉያ! ያቺ ቃል ቤቱን ለወጠችው። እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ፤ ከዚያም፣ “በሉ እህቶች፣ ነጠላችሁን አስቀምጡ” አሉ። ሁሉም ወለሉ ላይ ተኙ።

“እትዬ ወርቄ፣ እኔ ከወረድኩ ማን ያነሣኛል?” አለች አንዷ።

“ጌታ አለ፤ እኔም አለሁ። ውረጂ!”

እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ “ጉድ እኮ ነው! የታመመችው አንድ፣ የተኛው ሁሉ!” አለች። እየዘመርን ጉልበታችንን ሳብን። ከዚያ ወዲያ እናቴ ጠያቂ ሲመጣ ራሷ ምንጣፍ ታነጥፍ ጀመር። “እዚያ ቤት ስትሄዱ ሱሪ ልበሱ” ተባለ በሰፈሩ!

ፈውሴ በአንድ ጀምበር አልመጣም። መጀመሪያ ጫማዬን ራሴ አሰርኩ፤ ቀጥሎ ከእናቴ ጋር እስከ ከተማችን ሐይቅ ዳር ተራመድኩ። መንፈቅ ዓመቱ ሲከፈት ክፍሌ ገባሁ። ጠመኔ አንሥቼ የጥቁር ሰሌዳውን የላይኛውን ጫፍ ነካሁ። ልጆቹ፣ “ቲቸር ዳነች!” ብለው ጮኹ። ጌታ ሆይ፣ ተመስገን!

“የዳንሽው በጸሎት ነው በስፖርት?” የሚሉኝ አሉ። እኔ ጌታዬን አልከፋፍለውም። ሐኪሙን የሰጠኝ፣ እህቶቼን ያመጣልኝ፣ ጡንቻዬንም የሚጠገን አድርጎ የሠራው እርሱ ነው። ክብሩን ይውሰድ!

ከመካከላችሁ ወገቡን የያዘው ሰው ካለ ጌታን ይመን፤ ሐኪሙንም ይስማ። ቤታችሁን ንገሩን፤ ልንጠይቃችሁ እንመጣለን። እናንተ ብቻ ምንጣፉን አንጥፋችሁ ጠብቁን!