ስም የሌለው ክኒን

ፖሊሶች የመጡብኝ በጠራራ ፀሐይ፣ መድኃኒት ቤቴ በሰው ተሞልቶ ሳለ ነው። «ያለ ማዘዣ መድኃኒት ሸጠሻል፤ ስምና አወሳሰድ ሳትጽፊ ሰጥተሻል» አሉኝ። ምን እዋሻለሁ፣ አድርጌዋለሁ። ሰልፍ ላይ የተመቱ ልጆች ሆስፒታል ቢሄዱ በር ላይ ይያዙ ነበር። እኔ ዘንድ ሲመጡ «ማዘዣ ይዛችሁ ኑ» ልበላቸው? አንቲባዮቲኩን ሰጠኋቸው። ቢፈተሹ ማስረጃ እንዳይሆንባቸው ብዬ ፖስታው ላይ ምንም አልጻፍኩም። ሕጉ ለዚህ ቅጣት አለው፤ ፈቃድ ያስነጥቃል፣ ያሳስራልም። በዚያ ቢቀጡኝ እሺ ብዬ እቀበል ነበር። እነሱ የፈለጉት ግን የልጆቹን ስም ነው።

ያስገቡኝ የእስር ቤት ክፍል እርጥብ ብርድ ልብስ ብርድ ልብስ ይሸታል። ጥግ ላይ በልጃቸው ምክንያት የተያዙ አንዲት እናት ተኝተዋል። ትኩሳታቸው እንደ ምድጃ ነው፤ ሲተነፍሱ ደረታቸው ያፏጫል።

«እማማ፣ የማይስማማዎ መድኃኒት አለ?» አልኳቸው።

«አንዱን ሰጥተውኝ ፊቴ አብጦ፣ ትንፋሼ ተቆርጦ ከሞት ነው የተረፍኩት። ስሙን ማን ያውቀዋል ልጄ!»

ከሰዓት በኋላ መርማሪው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። «ይኸው መድኃኒት። ስሞቹን ንገሪኝና አሮጊቷ ትዳን» አለኝ። ተቀብዬ ፈታሁት። ነጫጭ ክኒኖች፤ ማሸጊያ የለ፣ ጽሑፍ የለ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የትኩሳት መድኃኒት ነዋ!»

«ስሙ ማነው? ማን አዘዘው? በቀን ስንቴ ይወሰዳል?»

«አንቺ ደግሞ ልታስተምሪኝ ነው?»

«ኧረ ወንድሜ፣ እኔን ያሰራችሁኝ በዚሁ አይደል እንዴ? ና ግባ፣ ጠጋ እንልልሃለን።»

አንዷ እስረኛ ሳቋ አመለጣት። እሱ ፊቱ ተለዋወጠ። «ከሞተች በአንቺ ነው» ብሎ ክኒኖቹን እጄ ላይ ትቷቸው ወጣ።

ያኔ ሴቶቹ ሁሉ በእኔ ላይ ዞሩ። «ስጫቸው እንጂ! ሰው ሲሞት ቆመሽ ልታዪ ነው?» ፈራሁ። ያ የማይስማማቸው ቢሆንስ? በገዛ እጄ ልገድላቸው ነው። ባልሰጣቸውስ?

እማማ ዓይናቸውን ገለጡ። «ልጄ፣ አንቺ ብትሆኚ ትውጪዋለሽ?»

«አልውጥም እማማ።»

«እንግዲያው እኔም አልውጥም።»

ክኒኖቹን በበሩ ሥር ወደ ውጭ ገፋሁና በሩን በመዳፌ መደብደብ ጀመርኩ። «ሐኪም! ሐኪም ይምጣ!» አስቀድማ የጮኸችብኝ ሴት አጠገቤ መጥታ ደበደበች። ከዚያ ሁሉም። ዘበኛው ሰደበን፣ ዛተብን፤ ማን ሰምቶት! ሊመሽ ሲል በሩ ተከፈተና እማማን ወደ ሆስፒታል ወሰዷቸው። የሳንባ ምች ነበር፤ ድነው ተመለሱ።

አሁን ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። በቀደም ክሬሰንት ታውን ከሚባለው ሰፈር አንድ አባት መጡ። ባለቤታቸው ታመዋል፤ ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ እንድሰጣቸው ይለምኑኛል።

«የአገር ልጅ አይደለሽ? ማን ያይሻል?»

«አይሆንም አባባ።»

«የፈረንጅ ሕግ አስፈራሽ በይኛ!»

ደሜ ፈላ። «እኔን? ሕጉን ጥሼ ታስሬያለሁ፤ እስር ቤት ደግሞ ያው ሕግ ይከበር ብዬ እጄ እስኪያብጥ በር ደብድቤያለሁ። ዛሬም ቢሆን ሁለቱንም አደርገዋለሁ! ባለቤትዎን ግን ሐኪም ሳያያቸው ክኒን አልሰጥም። የት ናቸው?»

«መኪና ውስጥ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እረፍት ወጣሁና እናትየዋን ደግፌ ማዶ ያለው ክሊኒክ አስገባኋቸው። ወረፋ ስንጠብቅ እናትየዋ «ማን ልበልሽ ልጄ?» አሉኝ። ስሜን ነገርኳቸው። የእኔን ስም ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ። የእነዚያን ልጆች ግን እስከ ዛሬ ከአፌ የሰማ የለም።