የምረቃው ውሃ

አዋሽ ላይ የታሰርኩባት ክፍል ድሮ የሲሚንቶ መጋዘን ነበረች። ግድግዳዋም ጣሪያዋም ቆርቆሮ ነው። በሩን ከፍተው ወደ ውስጥ ሲገፉኝ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የላብ፣ የሽንት ባልዲና የሲሚንቶ ብናኝ ሽታ። ሲሚንቶ ሽታ እንዳለው ያወቅኩት ያን ቀን ነው፤ ስንት ዓመት አብሬው ስሠራ አፍንጫዬ ልብ ብሎት አያውቅም ነበር። አልፈራሁም። ጎበዝ ሆኜ አይደለም። ከሚሌ ጀምሮ በላንድሮቨር ወለል ላይ ተጋድሜ ስመጣ መንገድ ላይ ፍርሃቱ አለቀብኝ፤ በቦታው የተተካ ነገር አልነበረም።

ወንጀሌ «የኢኮኖሚ አሻጥር» ይባል ነበር። ያኔ ሰመራ የሚባል ከተማ የለም፤ ዛሬ ከተማው የቆመበት አካባቢ ጥቁር ድንጋይና ነፋስ ብቻ ነበር። እዚያ ሜዳ ላይ፣ ከአዋሽ ወንዝ ራቅ ብሎ፣ መንግሥት ለአርብቶ አደሩ ጥልቅ ጉድጓድ እንዲቆፈር በጀት መደበ። እኔ የውሃ ሥራ ቴክኒሻን ነኝ። ቆፈርን፣ ውሃ አገኘን። ታንከሩን አቆምን፣ ቦኖውን ተከልን፣ የከብት ማጠጫ ገንዳውን ሠራን። ውሃውን የሚስበው ሞተርም ከአዲስ አበባ መጣ። ብዙም ሳይቆይ ከበላይ ታዘዘና ተጭኖ ወደ መንግሥት የጥጥ እርሻ ሄደ። ጥጡ ጠምቶታል ተባለ። የምረቃው ቀን ሲቃረብ በስብሰባ ላይ ተነስቼ ሞተሩ መቼ ይመለሳል ብዬ ጠየቅኩ። በማግስቱ አሻጥረኛው እኔ ሆኜ አረፍኩት።

ክፍሏ ውስጥ ሁለት ሰዎች ቀድመውኛል። አንደኛው ሚሌ ላይ ሱቅ የነበረው የወሎ ሰው ነው፤ ስኳር ደብቀሃል ተብሎ የገባ። ሌላው አፋር ሽማግሌ ናቸው። ከወንዙ ዳር ልቀቁ ሲባሉ አንለቅም በማለታቸው፣ ከብቶቻቸውም ጥጡ ውስጥ በመግባታቸው ነው የታሰሩት። አማርኛ አይናገሩም፤ ነጋዴው ግን አፋርኛውን እንደ እናቱ ቋንቋ ያቀላጥፈዋል።

ሽማግሌው በምን እንደታሰርኩ አልጠየቁኝም። ከየት እንደመጣሁ፣ በመንገዴ ዝናብ ጥሎ እንደሆነ፣ ሣር እንዳየሁ፣ ከብት ወደየት ሲሄድ እንዳገኘሁ ነበር የጠየቁኝ። ምንም አላየሁም አልኩ። እውነትም ምንም ማየት አልፈለግኩም ነበር።  ነጋዴው ነገሩን አስረዳኝ። ዳጉ ይሉታል፤ አፋር መንገደኛ ሲያገኝ ቁጭ ብሎ ወሬ ይቀበላል፣ የራሱንም ይሰጣል፤ በዚህ ላይ የዋሸ ወይም የደበቀ ሰው እነሱ ዘንድ ሰው አይባልም። ሳልወድ የማስታውሰውን መናገር ጀመርኩ። ገዋኔ አካባቢ ለሽንት ሲያወርዱኝ መሬቱ ረጥቦ ነበር። ሚሌ መውጫ ላይ ሲጭኑኝ የከሱ ግመሎች አይቻለሁ። በእያንዳንዱ ወሬ ላይ በዓይኔ ያየሁት ወይስ የነገሩኝ እንደሆነ ይጠይቁኛል። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ምርመራ የእኔ መርማሪ እንኳ አላደረገልኝም።

ከዚያ የራሳቸውን ወሬ ሰጡኝ። ካድሬዎቹ ወንዙን ልቀቁ፣ መንግሥት ሜዳው ላይ ውሃ አውጥቶላችኋል ብለዋል። ጎሳቸው ለምረቃው ቀን እንዲደርስ ከብቱንም ሕፃናቱንም ይዞ ሊነሳ ነው። መንገዱ ላይ ጠብታ ውሃ የለም። እዚያ ደርሶ ውሃ ያጣ ሰው ተመልሶ ወንዙ ጋ አይደርስም። ይህን ሁሉ ተናግረው ሲያበቁ ያ ጉድጓድ ውሃ አለው ወይ ብለው ጠየቁኝ።

መልሱ ቀላል ነበር። ግን ወደ ክፍሏ ከመግባቴ በፊት መርማሪው ሐሳቡን ነግሮኝ ነበር። ታንከሩን በቦቴ ይሞሉታል። እንግዶች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። እኔ ቦኖው ጋ ቆሜ እከፍትና ውሃው ሲወርድ ይጨበጨባል፤ ከዚያ ወደ ቤቴ። አፌን መዝጋት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ሚስቴ ልትወልድ ተቃርባ ነበር።

ነጋዴው ፊቴን አይቶ ሳይገባው አልቀረም።

«ወንድሜ፣ አላውቅም ካልክ እንደዚያው ነው የማስተረጉምልህ» አለኝ። «ወላሂ፣ አልፈርድብህም።»

አስቤ ወሰንኩ ብል ደስ ባለኝ። አላሰብኩም። ልቤም አልተነካም፤ ያን ሰሞን የሚነካ ነገር አልነበረኝም። የመጣልኝ የሙያዬ ስሌት ነው፤ አንድ ቦቴ ውሃ ለዚያ ሁሉ ግመል ለአንድ ጠዋት እንኳ አይበቃም።

«ውሃው ከመሬት በታች አለ በልልኝ» አልኩት። «የሚያወጣው ሞተር ግን የለም። በምረቃው ቀን የሚያዩት ውሃ በመኪና የመጣ ነው። ሞተሩ ተጭኖ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ምስጋና የለ፣ ቁጣ የለ። ኩታቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ተኙ።

በማግስቱ ጠዋት የእህታቸው ልጅ የግመል ወተት ይዛላቸው መጣች። አዋሽ ገበያ ወተት የምትሸጥ ሴት ናት። ጠባቂው ከሰላምታ በቀር ወሬ ክልክል ነው ይላል፤ አፋርኛ ግን አይችልም። ሰላምታቸው ረዘመ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እሷ «እ፣ እ» እያለች ትቀበላለች፤ ቀጥላ እሷ ትጠይቃለች፣ እሳቸው ይመልሳሉ። ጠባቂው አዛጋና ወደ እኛ ዞሮ የእነዚህ ሰዎች ሰላምታ እስከ ምሳ አያልቅም አለ። ነጋዴው ጣሪያውን እያየ እውነትህን ነው አለው። ሴትየዋ ባዶ ዕቃዋን ተቀብላ ሳትቸኩል ሄደች።

ለምረቃው ማንም ሳይወስደኝ ቀኑ አለፈ። በኋላ መርማሪው አስጠራኝ። እንግዶቹ መጥተዋል፣ ቦኖውን የእንግዶቹ አለቃ ራሴ ልክፈተው ብሎ ከፍቷል፣ ተጨብጭቧል። ውሃው ወጣላቸው ከተባሉት ሰዎች ግን አንድም አልመጣም። መርማሪው የተናደደ አይመስልም፤ ደክሞታል። ሞተሩን የጫነውን ሾፌር ወሬ አውጥቷል ብለው እንዳሰሩት ነገረኝ። የምታውቀው ነገር ካለ ተናገር አለኝ። ብዙ አላመነታሁም፤ ማመንታትም ጉልበት ይጠይቃል።

«ሾፌሩን ልቀቁት» አልኩት። «የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ጠየቁኝ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ ሰው ጽፎታል፤ የእኔም ከሌላው አይለይም። ውስጥ እግሬ ዛሬም ብርድ አይወድም። ሾፌሩን ለቀቁት። ልጄ ስትወለድ አልነበርኩም፤ የተገናኘነው ቆማ መሄድ ከጀመረች በኋላ ነው። ሽማግሌውን አንድ ቀትር ላይ ዕቃህን ይዘህ ውጣ አሏቸው። ያላቸው ዕቃ ኩታቸው ነው። ነጋዴው «አላህ ይጠብቅዎ» አላቸው፤ እኔ ቆሜ አሳለፍኳቸው። የት እንደወሰዷቸው የሚያውቅ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ማልቀስ ነበረብኝ። በማግስቱ ወተት አለመምጣቱን ብቻ ልብ አልኩ።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ሰመራ እኖራለሁ። አዳዲሶቹ መሐንዲሶች በሥራ ዘመኔ ከሠራኋቸው ጉድጓዶች የትኛው እንደሚያኮራኝ አንዳንዴ ይጠይቁኛል። ብዙ ውሃ የሚሰጥ አንዱን እጠራላቸዋለሁ፤ ደስ ይላቸዋል፣ እኔም ከማስረዳት እገላገላለሁ። የማስበው ግን ሌላውን ነው። ከእስር እንደተፈታሁ ሚስቴና ልጄን አይቼ ብዙም ሳልቆይ፣ ጅቡቲ የሚወርድ የጭነት መኪና ለምኜ እዚያ ሜዳ ላይ ወረድኩ። ሾፌሩ እዚህ ምን አለ ብሎ ግራ ገብቶት ነበር። ቦኖው ቀለሙ ገና አዲስ ነው። ከፈትኩት፤ አየር ብቻ ተነፈሰ። ገንዳው ውስጥ አሸዋ ገብቷል። የመጣሁት ለዚህ አልነበረም። ታንከሩን ዞርኩ፣ ገንዳውን ዞርኩ፣ ራቅ ብዬም እስከ ድንጋዩ ድረስ መሬት መሬቱን እያየሁ ዞርኩ። የግመል አጥንት የለም፣ የከብት የለም፣ የሰው መቃብር የለም። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ከታሰርኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ።