ሊጥ የቀበረችው ልጅ

አሳታሚዎች አንቲ ሙኒራ የደረሱትን ታሪክ፣ ስማቸውን አጥፍተው «የማላዮች የጥንት ተረት» አሉት። በደሉ ይህ ነው። ሌላው ቢረሳ እንኳ ይህ ተጽፎ ይቀመጥልኝ።

ባለፈው ሰኔ፣ የጆበርግ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ሰሞን፣ የልጅ ልጄ ሰሚራ ሜይፌር ሰፈር ባለው ቤታችን ሶፋ ላይ ተጋድማ የትምህርት ቤት መጽሐፏን ጮክ ብላ ታነባለች። እኔ ምስር እየለቀምኩ በግማሽ ጆሮ እሰማታለሁ። ወታደሮች የመንደሩን እህል ሊዘርፉ ሲመጡ አንዲት ልጅ ሊጡን በቅጠል ጠቅልላ ጓሮ ትቀብራለች። እጄ ቆመ።

«ማነው የጻፈው?» አልኳት።

«ማንም፣ ጎጎ። ፎክቴል ነው፤ የማላዮች ተረት።» እዚህ ደቡብ አፍሪካ አያት ጎጎ ትባላለች።

ማላዮች ቅድመ አያቶቻቸው ከሩቅ ምሥራቅ ደሴቶች በባርነት በመርከብ ተጭነው ወደ ኬፕ ታውን የመጡ ሙስሊሞች ናቸው። አንቲ፣ ማለትም አክስት፣ የምንላቸው ሙኒራ የእነሱ ወገን ነበሩ። እኔ ከስልጤ መጥቼ ጆበርግ ስገባ ገና ወጣት ሳለሁ፣ ከባለቤቴ ጋር የተከራየነው የእሳቸውን የጓሮ ክፍል ነው። በዕድሜያቸው ሁለት ልብ ወለድ ጽፈዋል። የመጀመሪያውን የገዛ ወንድማቸው «ሴት የቤቷን ገመና አደባባይ አታወጣም» ብሎ ምድጃ ውስጥ ከተተው። ሁለተኛው ታተመ፤ ግን ከሰፈር አልዘለለም። ከዚያ ወዲያ ለልጆች ብቻ ጻፉ። «ልጅ ካልጣመው ተነስቶ ይሄዳል፤ አይዋሸኝም» ይሉ ነበር።

ሮመዳን ሲቃረብ የሰፈሩ ሴቶች እሳቸው ኩሽና ተሰብስበን ለወሩ የሚሆን ሳምቡሳ እንጠቀልላለን። ያኔ ጾሙ ዝናብ በሚወርድበት በጆበርግ በጋ ላይ ይውል ስለነበር፣ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁርና ነጎድጓዱ የቆርቆሮውን ጣሪያ ያንቀጠቅጠዋል፤ ቤቱ በሽንኩርትና በድንብላል ሽታ ይሞላል። አንቲ ሙኒራ እየጠቀለሉ ያሰቡትን ታሪክ ያወሩልናል። ዓይናቸው ግን ከእጃችን ላይ አይነሳም። እጃችን ሥራውን ከቀጠለ ያን ክፍል ይጥሉታል። እጃችን ከቆመ ጠዋት ይጽፉታል።

አንድ ቀን በታሪካቸው ያለችው ልጅ እህሉን የት እንደምትደብቀው ጠፋባቸው።

«ጣሪያ ላይ ታድርገው» አሉ ጎረቤታቸው አንቲ ዙበይዳ።

«ወታደር ጣሪያ አያይም? ባልሽ እንኳ የደበቅሽበትን ብስኩት ያገኛል።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ የእናቴን ዘዴ ነገርኳቸው። እኛ አገር እንሰቱ ተፍቆ፣ በቅጠሉ በተለበጠ ጉድጓድ ይቀበራል። ወራት ቢቆይ ይበስላል እንጂ አይበላሽም። ከላይ ለሚረግጠው ሰው መሬት ብቻ ነው። ቀና ስል፣ የሁሉም እጅ ቆሞ ነበር።

«ትሰጪኛለሽ?» አሉኝ አንቲ ሙኒራ። ከጓሮ ተከራያቸው ፈቃድ መጠየቃቸው ነው።

«ይውሰዱት» አልኩ።

በዓመቱ፣ እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ሳለን፣ የአሳታሚው ሰው መጽሐፉን ይዞ መጣ። ሥዕሉ ያምር ነበር። አንቲ ሙኒራ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ሽፋኑን አዩ፤ ገለጡት፤ እስከ መጨረሻው ገጽ ሄደው ተመለሱ።

«ስሜ የት አለ?»

«እማማ፣ ይህ እኮ የሕዝባችሁ ሀብት ነው» አለ በትሕትና። «የጥንት ተረት ሲሆን ትምህርት ቤቶች ይወዱታል።»

«ሕዝቤ ይኸው ተቀምጧል። ጠይቃቸው፤ ከአምናው ሮመዳን በፊት ሰምተውት ያውቃሉ?»

ወደ እኛ ዞር ብሎ አላየም። ሳምቡሳ ቀረበለት፤ በላ፤ ሄደ።

አንቲ ሙኒራ ወደ ወንበራቸው ተመልሰው መጠቅለል ቀጠሉ። አንቲ ዙበይዳ «ንገሪን እንጂ፣ ዛሬ ምን አለሽ?» ቢሏቸው፣ «ምን ልንገርሽ፣ የጥንት ነው፤ ታውቂዋለሽ» አሉ። ማንም አልሳቀም። ከዚያ በኋላ አንድ መስመር አልጻፉም። ሲሞቱ ለቅሶ ላይ የተወራው ስለ ሳምቡሳቸው ነው።

እኔ ግን የሰሚራን መጽሐፍ ይዤ አሳታሚው ቢሮ ሄድኩ። ቢሮው ዘመናዊ ሆኗል፤ ያ ሰውዬም የለም። ለተቀመጠችው ወጣት «ጉድጓዱ የእናቴ ነው፤ የቀረው የአንቲ ሙኒራ ነው። ስማቸውን ጻፉ» አልኳት።

«ማስረጃ አለዎት?»

«እኔ አለሁ። አንቲ ዙበይዳም በሕይወት አሉ።»

እናየዋለን አለች። ደግሜ ሄድኩ። አንቲ ዙበይዳን በተሽከርካሪ ወንበራቸው እየገፋሁ ወሰድኳቸው፤ እሳቸውም መሰከሩ። በጥቅምት የሚያብበው የመንገዱ ጃካራንዳ ዛፍ አብቦ ረገፈ። አንዳንዴ ታክሲ ስጠብቅ አስበው ነበር፦ የሰው ሥራ ተረት ሲባል ማንም ያልደከመበት፣ ከመሬት የበቀለ ይመስላል። እንሰት እንኳ የሚተክለው ሰው አለው።

ባለፈው ሳምንት የቢሮዋ ወጣት ራሷ ደወለችልኝ። «እማማ፣ አቤቱታዎን መርምረነዋል። እውነትዎን ነው፤ ታሪኩ ደራሲ አለው።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «ታዲያ ስማቸው ይገባል?»

«አይ» አለች፤ ድምፅዋ ጨዋ ነበር። «ደራሲ ካለውማ ፈቃዱ፣ ክፍያው፣ ጣጣው ብዙ ነው። ከሚቀጥለው ኅትመት ታሪኩን ሰርዘነዋል።»