«ጧሪ አለኝ» ያለች እናት

ስደተኛ በሌሊት ነው የሚወጣው ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ ግን ከቡራዩ የወጣሁት እሑድ በቀትር ነው። እናቴ አደ ጫልቱ ደብቃ መሸኘት አታውቅበትም። ጎረቤቱን ሁሉ አስከትላ፣ «ዋቅኒ ሲ ሃ ኤጉ፣ እግዜር ይጠብቅህ» እያለች እንደ ሙሽራ ሚኒባስ ላይ አሳፈረችኝ። ልጇ አውሮፓ መሄዱን ከገፈርሳ እስከ ሰበታ ያልሰማ የለም።

የበረሃውንና የባሕሩን ነገር ያየው ያውቀዋል፤ አላወራውም። አሁን ያለሁት ጀርመን፣ ሃይም በሚሉት የስደተኞች ማረፊያ ነው። ዳቦው ጥርስ ይፈትናል፤ ብርዱ የሱሉልታን የኅዳር ውርጭ ያስናፍቃል። ከሁሉ የባሰኝ ግን ሥራ መከልከሌ ነው።

«ልሥራ» አልኩት የስደተኞች ጉዳይ ሹሙን በአስተርጓሚ።

«ወረቀትህ አላለቀም።»

«እናቴን የምጦረው እኔ ነኝ እኮ!»

ኮምፒውተሩ ላይ ፋይሌን አገላበጠና «እናትህ ፋይሉ ውስጥ የለችም» አለኝ።

እዚህ ፋይል ውስጥ እናቴ የለችም፤ ቡራዩ ባለው ፋይል ግን እኔ አለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በሠፈራችን አቅመ ደካማ አረጋውያን ለሴፍቲኔት ድጋፍ ሲመዘገቡ የእናቴ ስም ተሰረዘ። ከመዝጋቢዎቹ አንዱ ጎረቤታችን ኦቦ ለሚ ናቸው። ደወልኩላቸው።

«ፎርሙ ‹ጧሪ ቀባሪ አለዎት?› ይላል» አሉኝ። «‹የለኝም› እንድትል በዓይኔ ጠቀስኳት። እሷ ሆዬ ‹እንዴታ! ልጄ አውሮፓ ነው› ብላ በሰው ፊት አወጀች። እኔ ምን ላድርግ? እስከ ዓርብ መጥታ ቃሏን ካላስተካከለች አለቀ።»

እዚህ ሃይም ቋንቋ የምታስተምረን ጀርመናዊት አሮጊት ሦስት ልጆች አሏት፤ አንዱ ሐኪም ነው። ጡረታዋ በየወሩ ባንክ ይገባላታል እንጂ ልጅ አለሽ ወይ ብሎ የሚጠይቃት የለም። ቀናሁባት፤ ደግሞ ቅናቴ አሳፈረኝ። ምን በደለችኝ?

ለእናቴ ደወልኩ።

«እማ፣ ዓርብ ሄደሽ ጧሪ ቀባሪ የለኝም በያቸው።»

«ማን ሞተ?» አለች ደንግጣ።

«ማንም አልሞተም፤ ለፎርሙ ነው።»

«የለኝም የሚል ልጁን የቀበረ ነው። እኔ በሕይወት ያለ ልጄን በአፌ ልቅበር? ሟርት አታስተምረኝ!»

«እሺ፣ እውነቱን ንገሪያቸው። አለ፣ ግን ሥራ የለውም፣ አይረዳኝም በያቸው።»

ይህን ስል ፊቴ ጋለ።

«ሰው ፊት ላዋርድህ?» አለችኝና ስለ ጤናዬ መጠየቅ ጀመረች። ጉልበቷን እያመማት ገበያ መውጣት እንዳቃታት የነገሩኝ ኦቦ ለሚ ናቸው እንጂ እሷ አልነገረችኝም።

ዓርብ ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። ኦቦ ለሚ ናቸው።

«መጣች?»

«መጣች። ዱላዋን ተደግፋ ሰልፉን ጠብቃ ገባች። ጧሪ ቀባሪ አለዎት ተብላ ተጠየቀች።»

«ምን አለች?»

«‹አለኝ። እሱም ግን ጧሪ ያስፈልገዋል፤ የሁለታችንንም ስም ጻፉ› አለች።»

«ታዲያ ጻፋችሁን እንዴ… ማለቴ፣ እሷን ጻፋችኋት?» አልኳቸው እየተደናበርኩ።

«አልጻፍናትም ልጄ፤ ፎርሙ እኮ ‹አለኝ› እና ‹የለኝም› ብቻ ነው ያለው» አሉ ኦቦ ለሚ።