ደምሴ የመረጣቸው አሥር ዘፈኖች

ልብስ ሰፊው ደምሴ ደፋር ሰው ነበር፤ ድፍረቱ ግን ዘፋኝ ላይ ብቻ። አዲስ አበባ ስሙ የገነነውን ድምፃዊ «ይኼ አፉን በጨርቅ አስረውት ነው እንዴ የሚዘፍነው!» ብሎ ከዝርዝሩ ይሰርዘዋል። የቆቦ ሰው ይኼን ጀግንነት ይለው ነበር። ዘፋኙ አዲስ አበባ፣ ደምሴ ቆቦ፤ ማን ይመታዋል?

ደምሴ ዓመቱን ሙሉ አዲስ ዘፈን ያድናል። ከደሴ የሚመጣ ሾፌር ያልተሰማ ካሴት ይዞ ከሆነ የሱሪው እግር በነፃ ይታጠፍለታል። ሬዲዮው ሙዚቃ ከጀመረ የስፌት መኪናው ይቆማል፤ ደንበኛ አንድ እግሩን ሱሪ ውስጥ እንደከተተ ይጠብቃል። ጳጉሜ ሲገባ ከዚያ ሁሉ የዓመቱን አሥር ይመርጥና አንድ ካሴት ላይ ያደርጋቸዋል። ሻይ ቤቶቹ ያንን ያስገለብጣሉ፤ ሾፌሮቹም እስከ አስመራ ይዘውት ይወጣሉ።

የዋጃዋ ወፍ ጠባቂ ሙሚና የፈለገችው ይኼንኑ ነው፤ እስከዚያ መድረስ።

በ1975 ኅዳር ላይ ደምሴ ለሠርግ ልብስ ልኬት ዋጃ ወርዶ፣ ማሽላ መሀል ከቆመ ማማ ላይ ወፍ የምትጠብቅ ሴት ስታንጎራጉር ሰማ። በማግስቱ ስድስት ድንጋይ የሚበላውን ቴፑን ተሸክሞ ተመልሶ ቀዳት።

«ማሽላው ጎመራ ወፉም መጣ ዞሮ፣
አህመድ የናቴ ልጅ ቀረ ወይ ዘንድሮ?»

አህመድ ወንድሟ ነው። ሚሊሺያ ተብሎ ወደ ሰሜን ከተጫነ ሁለት ዓመቱ፤ ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ።

«ጋሼ ደምሴ፣ ሾፌሮቹ ወታደሩ ያለበት ድረስ ያደርሱታል?»

«ሙሚናዬ፣ ከአሥሩ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ! በማርያም!»

«እንዲያ ከሆነ ድምፄን ያውቀዋል። አላህ ይስጥህ።»

እውነትም የዓመቱን ካሴት በሷ ከፈተ፤ ሌሎቹን ዘጠኝ ጳጉሜ ላይ ከኋላዋ ደረደረ። ይኼኔ ጓድ አለሙ ከች አለ። የቀበሌው የባህል ኃላፊ ነው፤ ከመፈክር በቀር ዜማ አያውቅም። ለአብዮት በዓል የሚሰማ ካሴት በኮሚቴ መታየት አለበት አለ። ኮሚቴው እሱና ሁለት እጅ አውጪዎች ናቸው። ሦስት የፍቅር ዘፈን «የንዑስ ከበርቴ ልፍስፍስነት» ተብሎ ወጣ፤ በቦታው የቀበሌው የኪነት ቡድን ሦስት መዝሙር ገባ።

«ልክ ነው ጓድ» አለ ያ ጀግና።

«ይቺ የመጀመሪያዋስ ማናት? የየትኛው ማኅበር አባል ናት?»

«ወፍ ጠባቂ ናት ጓድ።»

«ለዘማች ስሙን እየጠሩ ማልቀስ የለም። እዚህ ጋ የእርሻ ማኅበሩን መዝሙር አስገባ።»

«ድምፅዋ ሌላ ካሴት ላይ የለም፤ ባዶ ካሴትም አልቆብኛል…»

«ታዲያ እላዩ ላይ ቅዳበታ!»

ቀዳበት። ለአንድ ጣት ጠርዝ ከደንበኛ ጋር ግማሽ ቀን የሚሟገት ሰው ትንፍሽ አላለም። እስከ ዛሬ ሲጠየቅ «ካሴት አልነበረኝም» ይላል። ከደሴ ካሴት ለማስመጣት ሁለት ቀን ነው!

በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ገበያ ሙሚና ከዋጃ መጣች፤ ለደምሴ የበቆሎ እሸት ይዛለች። «እስቲ አሰማኝ» አለች። ሊነግራት ይችል ነበር። ቴፑን ተጫነው።

ሠላሳ ጉሮሮ ባንድ ጊዜ ጮኸ። ሙሚና የሷ ተራ ይደርሳል ብላ እስከ መጨረሻው ታገሠች። ቀጥሎ ሌላ መዝሙር መጣ።

«ውይ! ይኼን ማማዬ ላይ ባገኘው ወንጭፍ ምን ያደርግልኝ ነበር?» አለች። ሱቅ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «የኔስ?»

«እህቴ፣ ኮሚቴው…»

«አንተን ነው የጠየቅሁህ።»

ደምሴ መቀሱን ይፈልግ ጀመር። መቀሱ እጁ ላይ ነው።

ሙሚና ወጥታ በቀጥታ የጭነት መኪኖቹ ወደሚቆሙበት ሄደች። አንድ የአስመራ ሾፌር ጎማ እየመታ ይመረምራል።

«ወንድሜ፣ ካሴቱ ላይ ቦታ ነፈጉኝ። አንተ በቃልህ ያዝልኝ» ብላ ፊቱ ቆማ ዘፈነችለት። ሾፌሩ ጎማውን ተወ።

ደምሴ ቴፑን ታቅፎ እየሮጠ ደረሰ። ባዶ ካሴት ለካ ጎረቤቱ ሻይ ቤት ኖሯል! «ሙሚናዬ፣ እንደገና ጀምሪው፣ ልቅዳሽ!»

«ለኮሚቴህ ቅዳለት» አለችው፤ ዞርም አላለች።

ሾፌሩ ዜማውን ሞከረው። ስሙ ጋ ሲደርስ ግን ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሰረቅ አድርጎ አየና ድምፁን አሳነሰ።

«አህመድ በል እንጂ!» አለች ሙሚና። «ስሙን አትዋጠው፤ እንደገና።»